ልጄን የተረዳልኝ የደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለው። በፊት የሄድንበት ቤት ሰውየው በዓይኑ «ቀና በል» አለው። ልጄ አልገባውም። «ባለጌ» ተባለ። እያለቀስኩ ይዤው ወጣሁ።

መናኸሪያው አካባቢ ያለችው ትንሿ ፀጉር ቤት ግን ሌላ ናት። አስተካካዩ ሁሉን በቃል ይናገራል፦ «ወንድምዓለም፣ አሁን ቶንዶሱን ላበራው ነው። ይጮሃል። ከጆሮህ ኋላ እጀምራለሁ።» ቴሌቪዥኑንም አጠፋልን።

ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የሌላውን ሐሳብ ስንገምት በተለይ የሚሠሩ የአንጎል ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ፣ ሌላው ከግንባር ጀርባ መሃል ላይ። ኦቲዝም ባላቸው ወጣቶች አሠራራቸው ለየት ሊል ይችላል። ሳይነገራቸው ከፊት ላይ ማንበብ ብዙዎቹን ያደክማል። ስሜት የላቸውም ማለት ግን አይደለም፤ ኧረ በፍጹም! እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ባላቸውና በሌላቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው። እኛስ መቼ አነበብናቸው?

ወንበሩ ትንሽ ይቆረቁራል። ቅዳሜ ወረፋ አለ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ። ልጄ ሲወጣ «መቼ እንመለሳለን?» አለኝ።