የውስጥ ቱቦ ያለው የፍሪሲዮን ገመድ፦ ከወራት የመሐል ከተማ አጠቃቀም በኋላ

ይህ ገመድ የተገጠመው 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ላይ ነው፤ የግራው እጀታ ሲጨበጥ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር የሞተሩን ኃይል ከማርሹ የሚያላቅቀውን ክፍል፣ የሚስበው እሱ ነው። በልባሱና በሽቦው መካከል ስስ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። የዋለበት መንገድ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ ነው፤ ክረምቱንም በጋውንም አይቷል። ከተራው ገመድ ይልቅ ይህን መግዛት ያዋጣል። ቱቦው ግን ከመበጠስ አያድነውም።

እጀታው እስካሁን አልከበደም። ተራ ገመድ የክረምት ውሃ በላይኛው ጫፉ እየገባ ውስጡ ይዝጋል፣ በጋ ላይ አቧራ ይጨመርበትና ጣት ያደክማል። እዚህኛው ላይ ብረት ከብረት ስለማይፋተግ ያ ችግር በጣም ቀንሷል። ወደ ውስጥ ወፍራም ግሪስ መጫን አያስፈልገውም፤ ግሪሱ አቧራ ሰብስቦ ቱቦውን ይዘጋዋል።

የመበጠሱ ነገር ሌላ ነው። ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው መሐሉ ላይ ሳይሆን እጀታው ዘንድ፣ ሽቦው ከጫፉ ድቡልቡል ብረት በሚወጣበት ቦታ ነው። እጀታው በተጨበጠ ቁጥር ያቺ ብረት በቀዳዳዋ ውስጥ መዞር አለባት። ቀዳዳው ደርቆ ወይም ዝጎ ከያዛት ሽቦው ሥሯ ላይ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሲደጋገም ሽቦው የተገመደበት ቀጭን ክር አንድ በአንድ ይቆረጣል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ከታክሲዎች ኋላ ተሰልፎ ማርሽ እንዳስገቡ እየጨበጡ እየለቀቁ መጠበቅ ለዚህ የከፋ ነው። ሰልፉ ከቆመ ዜሮ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ይዞ መጠበቅ ይሻላል። ግሪስ የሚያስፈልገውም እዚሁ ነው፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት መቀባት ይበቃል፣ ክረምት ላይ ደጋግሞ።

ትናንት የተስተካከለ እጀታ ዛሬ ያለምክንያት ከላላ የገመዱን ማስተካከያ ብሎን ማጥበቅ አይበቃም። እጀታው ዘንድ ያለውን መሸፈኛ ላስቲክ ገልጦ የሽቦውን ሥር ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ክር እንኳ ተነቅሎ ከታየ ገመዱ በዚያው ቀን ይቀየር።

ለመቀየር መጀመሪያ ሞተሩ በኩል ያለው ማስተካከያ ይላላ። ከዚያ የእጀታው ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ገብቶ የእሱ፣ የማጥበቂያው ዳዶና የእጀታው መያዣ ስንጥቆች አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ሽቦው በዚያ ይወጣል። አሮጌው ከመጎተቱ በፊት የታችኛው ጫፉ ላይ ሲባጎ ይታሰር፤ አዲሱ በሲባጎው ተስቦ በዚያው መንገድ ይገባል። ጭስ ማውጫ መንካትም በጠባብ መታጠፍም የለበትም። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ ሲዞር የእጀታው ነፃ ርቀት (ገመዱን መሳብ ሳይጀምር በባዶ የሚንቀሳቀሰው) ከተለወጠ ገመዱ የሆነ ቦታ ተወጥሯል ማለት ነው።

ነፃ ርቀቱ በብዙ ሞተሮች እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል። ገመዱ ከጠበቀ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፦ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም፣ የፍሪሲዮኑ ሸራም ይቃጠላል። ከላላ ደግሞ ማርሽ ይንገጫገጫል፣ መብራት ላይ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ያስቸግራል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ስለሚላላ እንደገና መለካት አለበት።

መንገድ ላይ ከተበጠሰ፣ ባዶ ቁልቁለት ካለ ሞተሩን በዜሮ ማርሽ አስነስቶ፣ እየተንከባለሉ 1ኛ ማስገባት ይቻላል፤ ይነጥራል እንጂ ይሄዳል። ወደ ላይ ሲቀየር ነዳጁን ለአፍታ መልቀቅ፣ ከመቆም በፊት ደግሞ ገና እየሄደ ሳለ ዜሮ ማስገባት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ይህን መሞከር አደጋ ስለሆነ ሞተሩን ገፍቶ ዳር ማውጣት ይሻላል። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ለዚህ ቀጭን ነው፤ ሽቦው ላይ በብሎን የሚታሰር ጊዜያዊ ጫፍም ቢሆን እስከ ጋራዥ ብቻ ነው የሚያደርሰው። የሚያስተማምነው መለዋወጫ ገመዱን ከአሁኑ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር አሽጎ ማሰር ነው፤ ያኔ መንገድ ላይ የሚቀረው ጫፎቹን ማገናኘት ብቻ ይሆናል።

የዚህ ገመድ ድክመቱ የላይኛው ላስቲክ ነው። ፀሐይ አድርቆታል፣ አፉም ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። መርካቶ ላይ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ርዝመቱን ማስተያየት፣ ላስቲኩን በጣት አጥፎ ማየት፣ የጫፉን ብረት ደግሞ ከሽቦው ጋር ቀጥ ብሎ መያያዙን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።