ከደብረ ብርሃን የገዛሁት የኋላ ፍሬን ሸራ

ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ለኮሮላዬ የገዛሁትን የኋላ ፍሬን ሸራ በግቢዬ ውስጥ ራሴ ከቀየርሁት ሦስት ወር ሆኖኛል። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚመላለስ ሰው የሸራ ጥራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ መኪናዋን በክሪክ ካነሳሁና ከሥሯ ጠንካራ መደገፊያ ካስገባሁ በኋላ፣ ሸራውን የሚሸፍነው ከበሮ መሰል ብረት፣ የዛገው ታምቡር፣ በመዶሻ አልነቃነቅ ስላለኝ፣ ፊቱ ላይ ባሉት፣ የቡሎን ጥርስ በወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖችን እያፈራረቅሁ በማጥበቅ ገፍቼ አወጣሁት። የአሮጌ ሸራ ብናኝ ለሳንባ ስለማይበጅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት እንጂ አልነፋሁትም። አንዱን ጎን ሳልጨርስ ሌላውን አለመፍታቴም የሞላዎቹን አቀማመጥ እያስተያየሁ እንድገጥም ረድቶኛል።

ቅር ያሰኘኝ ነገር የግራው ሸራ የሞላ ቀዳዳ ጠብቦ በሞረድ ማስፋት ግድ መሆኑ ነው፤ ሻጩም «ይሄማ የፋብሪካ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬኑ ጥቂት ያፏጭ ነበር፤ አሁን ድምፁ ጠፍቷል። ቀድሞ እስከ ዘጠነኛው ጥርስ ካልተሳበ የማይዘው የእጅ ፍሬንም ዛሬ በአምስተኛው ላይ መኪናዋን ዳገት ላይ ቀጥ ያደርጋታል።