ለጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ የትኛውን ዩቪ ልግዛ?

ሰማያዊዋ ታንጌ (ታንግ የሚባለው የባሕር ዓሣ) አንድ ቀን ጠዋት ጨው የተነሰነሰባት መስላ አገኘኋት። መብራቱን ሳበራ ድንጋዩ ላይ ጎኗን እያሸች ነበር። ያኔ ነው ስለ ዩቪ፣ ማለትም የገንዳውን ውሃ በአልትራቫዮሌት መብራት አጠገብ እያሳለፈ ተሕዋስያን ስለሚገድለው መሣሪያ፣ መጠየቅ የጀመርኩት።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ዩቪ የሚገድለው በመብራቱ አጠገብ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ መጀመሪያ ዓሣው ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። ቀጥሎ ወርዶ አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይራባል። ከዚያ ነው ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙት፤ ዩቪ የሚያገኛቸውም ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥራቸውን ይቀንሳል እንጂ የታመመ ዓሣ አይፈውስም። የታመመውን ለብቻው አውጥታችሁ በመዳብ መድኃኒት አክሙ። ኮራልና ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ውስጥ ግን መዳብ እንዳትጨምሩ፤ ይፈጃቸዋል።

ውሃ ውስጥ የሚነከረው ዓይነት ርካሽ ነው። ፓምፑ አብሮት ይመጣል፤ ቱቦ መቁረጥ የለም። አረንጓዴ የሆነ ውሃ ያጠራል። ለጥገኛ ተሕዋስያን ግን አልመክረውም። አብዛኛው አጭር ስለሆነ ውሃው ብርሃኑን ሳይጠግብ ሽው ብሎ ያልፋል።

ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ከገንዳው ሥር ሳምፕ (ማጣሪያና ፓምፕ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ገንዳ) ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። የኮራላይፍ ቱርቦ ትዊስት ውሃውን በመብራቱ ዙሪያ እየጠመዘዘ ያሳልፋል። ባለ 9 ዋቱ ለትንሽ ገንዳ ይሆናል፤ እኔ ብሆን ባለ 18ቱን እወስዳለሁ።

እኔ ለ75 ጋሎን ገንዳዬ፣ ማለትም ወደ 284 ሊትር ገደማ፣ የገዛሁት ቱቦ ላይ የሚገጠመውን ባለ 25 ዋት ነው። ውድ ነው፤ መግጠሙም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅቶብኛል። ግን ረጅም ስለሆነ ውሃው ብርሃኑ ፊት ይቆያል። ብዙ ሰው ዋቱን ብቻ አይቶ ይገዛል፤ እኩል የሚወስነው ግን የውሃው ፍጥነት ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት የፍጥነት ቁጥሮች ካሉ ፈጣኑ ለአልጌ፣ ቀርፋፋው ለጥገኛ ነው። በቀርፋፋው ሂዱ። በጣም ካዘገያችሁት ደግሞ የገንዳው ውሃ በሙሉ ሳይዞር ልጆቹ ዓሣ ያገኛሉ። ለዚህ ነው ተለቅ ያለውን ግዙ የምለው። ፓምፑም የራሱ ቢሆን፣ ውሃውም መጀመሪያ በማጣሪያ ቢያልፍ ይሻላል።

አምፖሉን ሳትጠይቁ ዋጋ አትስማሙ። ሰማያዊ እየበራ እንኳ ጉልበቱ ያልቃል፤ ዓመት አካባቢ ሲሞላው ይቀየራል። አምፖሉን የሚሸፍነው የኳርትዝ መስታወትም ይቆሽሻል። የኔን በስምንተኛ ወሩ ብከፍተው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ በጨርቅ ጠረግኩት። ስትከፍቱ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ያ ብርሃን ዓይን ይጎዳል።

በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ወይም ለኮራል የሚሰጠውን ፋይቶፕላንክተን (በዓይን የማይታይ አልጌ) ስትጨምሩ ዩቪውን ለጊዜው አጥፉት። ከአሜሪካ ገዝታችሁ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን እዩ። የዚህኛው ብዙ ጊዜ 120 ነው፤ የዚያኛው 220።