ለነቀዝ የቱ ይገዛ? ድርብ ከረጢት፣ የብረት ጎተራ ወይስ መድኃኒት

በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ ለማቆየት ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጠላትዎን ይወቁ። ነቀዝ ጎተራ ውስጥ ብቻ አይነሳም፤ ብዙውን ጊዜ ከማሳው ከእህሉ ጋር ይገባል። ሴቷ በሹል አፏ ፍሬውን ትበሳና አንድ እንቁላል ከታ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። ከገበያ ንጹሕ መስሎ የተገዛ በቆሎ ከወር በኋላ ዱቄት ዱቄት የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚገዙት ነገር ከውጭ የሚመጣውን ከማገድ አልፎ ፍሬው ውስጥ ያለውንም መግደል አለበት።

ድርብ ከረጢት (ፒክስ)

ከውጭ ተራ ማዳበሪያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉት። በደንብ ከታሰረ ነቀዙ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ኦክስጅኑ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ሰውነቱ ደርቆም ይሞታል። ምንም መድኃኒት አያስፈልግም።

ሥራው ያለው አስተሳሰሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ላስቲኮች በትንፋሽ ወይም በአየር ሞልተው ጨመቅ ያድርጉ፤ የሚያፈስ ካለ ድምፁ ይሰማል። አንዱን በሌላው ውስጥ ከተው እህሉን እየነቀነቁ ይሙሉ፣ ከአፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። አየሩን በእጅ ገፍተው ካወጡ በኋላ የውስጠኛውን አፍ አጥብቀው ይጠምዝዙ፣ አጥፈው በሲባጎ ይሰሩ። መካከለኛውንም እንዲሁ፣ በመጨረሻም የውጪውን። ቢያንስ አንድ ወር አይክፈቱት፤ በየሳምንቱ እየተከፈተ የሚቀዳለት ከረጢት ተራ ጆንያ ማለት ነው።

ድክመቱ አይጥ ነው። ከግድግዳ አርቀው ርብራብ ላይ ያስቀምጡት፣ ዙሪያውን በየጊዜው ይጥረጉ። ትንሽ ቀዳዳ ካገኙ በስኮች ደፍነው ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ብዙ ቦታ ከተበሳ ግን ላስቲኩ አገልግሎቱን ጨርሷል።

የብረት ጎተራ

ከአይጥም ከወፍም የሚጠብቅ፣ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ዋጋው ግን በኩንታል ሲሰላ ከከረጢቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጥራቱም በሠሪው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ፀሐይ ላይ አስቁመው በላይኛው አፍ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ በብየዳው መስመር አንዲት የብርሃን ነጥብ ከታየች አይግዙት።

አንዳንድ ሻጮች «እላዩ ላይ ሻማ አብርተህ ክደነው፣ በቃ» ይላሉ። ሻማው ግን ኦክስጅኑ ገና ብዙ ሳለ ይጠፋል፤ የቀረውን የሚጨርሰው ነቀዙ ራሱ ነው። ይህም የሚሆነው ጎተራው እስከ አፉ ከተሞላና ክዳኖቹ በጎማ ወይም በፕላስተር ከታሸጉ ብቻ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ጎተራ ብዙ አየር ስለሚይዝ ነቀዙ ይቆይበታል። ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ከቆመ ደግሞ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል፣ የላይኛው እህል ይሻግታል።

መድኃኒት

ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደዚህ ይሮጣል። የነቀዝ ክኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ተራ ማዳበሪያ ጋዙን ስለማይይዝ የሚታየው ነቀዝ ይሞትና እንቁላሉ ይተርፋል። ጋዙ ከወጣ በኋላም እህሉን የሚጠብቀው ነገር የለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጋዙ ሰው መግደሉ ነው፤ ማርከሻም የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ይህን ክኒን በምንም ምክንያት አይጠቀሙ፣ «አንዲት ፍሬ ብቻ» ቢሉዎትም እንኳ። ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ በታሸገ መጋዘን የሚሠራው ነው።

ለእህል ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት መድኃኒት ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ አይደርስበትም፣ የሚገድለው ሲወጣ ነው፣ ኃይሉም በጊዜ ይደክማል። መጠኑን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይመዝኑ። በፌስታል ተቋጥሮ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውን አይንኩት።

የቱን ልግዛ?

እስከ አሥር ኩንታል ለሚያከማች ቤተሰብ ከረጢቱን እንመርጣለን። አንዱ ተከፍቶ ሲበላ ሌሎቹ እንደታሸጉ ይቆያሉ፤ ለዘር የሚቀመጠውም በደንብ ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። በየዓመቱ ብዙ ኩንታል የሚያስገባ፣ አይጥ ያስቸገረው፣ ጥሩ ብየዳ የሚሠራ ባለሙያ ያገኘ ሰው ወደ ብረት ጎተራው ይሂድ።

ሁለቱም እርጥብ እህል አይቀበሉም። በቆሎ እርጥበቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለዎት ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ይሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም ከ15 በታች መሆኑን እንጂ 13 መድረሱን አያሳይም፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨምሩለትና ቀዝቅዞ ይታሰር።

ለጤፍ ከእነዚህ አንዱንም አይግዙ። ፍሬው ለነቀዝ እጭ ስለማይበቃ በደረቅ ጎተራ ብቻውን ዓመታት ይቆያል።