ከባይፓስ በኋላ የገዛሁት የቤት ውስጥ ብስክሌት

የቤት ውስጥ ብስክሌት ሲሸጥ መጀመሪያ የሚነገረው ምን ድረስ እንደሚከብድ ነው። እኔ ግን ይዤ የሄድኩት ጥያቄ ሌላ ነበር። ምን ድረስ ይቀላል?

የልብ ባይፓስ፣ ማለትም ደም የተዘጋውን የልብ የደም ሥር አልፎ የሚሄድበትን መንገድ የሚያበጅ ቀዶ ጥገና፣ ከተሠራልኝ ሰባት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ደረቴን ከፍተው፣ ከግራ እግሬ የደም ሥር ወስደው ነው የሠሩልኝ። ሐኪሜ «ብስክሌት ይችላሉ፤ ክንድዎ ላይ ግን እንዳይደገፉ» አለኝ። የደረት አጥንቴ ገና አልጠናም። ስለዚህ መሪው ከፍ ያለ፣ ቀና ብዬ የምቀመጥበትን መረጥኩ።

ማክበጃው ስምንት ደረጃ አለው። 1 ላይ ፔዳሉ ምንም አይታገልም፤ የእግሬ ክብደት ብቻ ያዞረዋል። ቀድሜ የሞከርኩት ሌላ ብስክሌት ገና 1 ላይ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር። ይሄኛውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ቀን 5 ደቂቃ ነዳሁ፤ በቃኝ። ፔዳሉ ወደ ላይ በመጣ ቁጥር የእግሬ ጠባሳ ይሳብብኝ ነበር። ኮርቻውን ሁለት ቀዳዳ ከፍ ሳደርገው ጉልበቴ ብዙ መታጠፉን ተወ፣ መሳቡም ቀረ።

እጀታው ላይ ያለው የልብ ምት መቁጠሪያ ግን አልጠቀመኝም። ቤታ ብሎከር እወስዳለሁ። መድኃኒቱ የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ቁጥሩ 95 እያለ እኔ ቁና ቁና እተነፍስ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠችኝን የቦርግ መለኪያ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩት። ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ነው፤ ለእኔ የተፈቀደው ከ11 እስከ 13 ነው። ልጄ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታወራኛለች። መልሴ ሲያጥር «እማዬ፣ በዝቶብሻል፤ ቀንሺ» ትለኛለች። ሁሌም ልክ ናት።

የምር ያናደደኝ ሰዓቱ ነው። ትንሽ አረፍ ካልኩ ከዜሮ ይጀምራል። ከሕመም የሚያገግም ሰው ማረፍ አለበት! አንድ ቀን 12 ደቂቃ ላይ ደክሞኝ ሳለ እንዳይጠፋብኝ ብዬ እስከ 20 ገፋሁት። ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ከዚያ ወዲህ በስልኬ ነው የምቆጥረው። ወደ 10 ደቂቃ ተመልሼ፣ በየሦስት ቀኑ አንድ ደቂቃ ብቻ ጨመርኩ። ሲጀመርም ሲያልቅም የተወሰነ ደቂቃ በዝግታ እነዳለሁ። ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ካዞረ ግን ወዲያው ማቆምና ለሐኪም መንገር ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ኮርቻው ጠጣር ነው፤ ትራስ ደረብኩበት። ድምፅ የለውም፤ ሌሊት ሰው ሳልቀሰቅስ ነድቻለሁ።

አሁን አምስተኛ ወር ላይ ነኝ። ትናንት ሳላርፍ 30 ደቂቃ ነዳሁ፤ ከልጄ ጋር እስከ መጨረሻው እያወራን። ማክበጃው 3 ላይ ነው። 4ን ገና አልነካሁትም።