ባሕር ዳር ላይ ፕሌይስቴሽን ለሚገዛ፦ ሲዲ ያለው ወይስ የሌለው?

ሽምብጥ ውስጥ አዘውትሬ የምሄድበት ጌም ቤት አለ። ሦስት ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4)፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። የአንደኛው ጆይስቲክ ጎማ አልቆ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ ተለብጦበታል። ልጆቹ የሚሻሙት ደግሞ እሱኑ ነው፤ ለጣት ይመቻል ይላሉ። ባለቤቱ ሰሞኑን አንድ ማሽን ሊጨምር አስቦ "የቱን ልግዛ?" አለኝ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሴን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እዩ። ማሽኑ ሲዲ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? እኔ ሌላውን ሁሉ የማየው ከዚህ በኋላ ነው።

ምክንያት አለኝ። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ማይክሮሶፍት የራሱን ማሽን ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ያገለገለ ጌም መሸጥና ማዋስ ላይ ገደብ እንደሚኖር ተናገረ። ማሽኑም በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ማግኘት ነበረበት። ተጫዋቹ ተቆጣ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ያኔ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። በፒኤስ ፎር ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ የሚያሳይ ነው፦ አንዱ ሰውዬ ሲዲውን ለሌላው ያቀብለዋል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ሰሞን ሐሳቡን ቀየረ። እኔ ግን ልቤ አንዴ ወደ ሶኒ ሄዶ ነበር።

ያው ሶኒ በ2023 የፕሌይስቴሽን ፕላስን (በኢንተርኔት የመጫወቻ አባልነት) ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ ከ60 ዶላር ወደ 80 አሳደገው። በ2024 ደግሞ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ) አካውንት የግድ ያውጡ አለ። አካውንቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ኢትዮጵያም ፒኤስኤን በዝርዝሩ ካላስገባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጩኸቱ ሲበዛ ሶኒ ግዴታውን አነሳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፒኤስ ፋይቭ ፕሮ በ700 ዶላር ወጣ፤ ሲዲ ማንበቢያ አብሮት አይመጣም። ሲዲ በማቀበል ልባችንን የወሰደ ድርጅት፣ ውዱን ማሽኑን ያለ ሲዲ አመጣው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የተጎዳው ከሁሉ በላይ የሚወደው ሰው ነውና።

ለእኛ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እዚህ አካውንት የምንከፍተው አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ነን ብለን ነው። ጌም ለመግዛት ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ይልክልናል። ከዚያ ስንት ጊጋ ማውረድ! ሲዲ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እኔ ዘንድ ያለው ፊፋ 19 ሽፋኑ ላይ በማርከር የሦስት ሰው ስም ተጽፎበታል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሁላችንም በእሱ ተጫውተናል።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጻፍኩም።

ፒኤስ ፎር ስሊም። የምታገኙት ያገለገለ ነው፤ ግን አትናቁት። ኤፍሲ 26 (የቀድሞው ፊፋ) እንኳ ለእሱ ወጥቷል። ትልቁ ጥቅሙ ሃርድ ዲስኩ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው፤ የዚህ ደግሞ የላፕቶፕ ዓይነቱ ባለ 2.5 ኢንች ስለሆነ ይቀየራል። የፒኤስ ፋይቭ ዋና ማከማቻ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልንገራችሁ። ፒኤስ ፎር ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ ክብ ባትሪ አለች። እሷ ስትሞት፣ ኢንተርኔትም ከሌለ፣ ጌሙ እምቢ ይል ነበር። በ2021 የወጣው የ9.00 የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህን አስተካክሏል። ስለዚህ ሴቲንግ ገብታችሁ የሶፍትዌሩ ቁጥር 9.00 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን እዩ።

ሲዲ ያለው ፒኤስ ፋይቭ። ገንዘቡ ካለ ለቤት ይሄ ነው። የፒኤስ ፎር ሲዲዎችን ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ያጫውታል፤ ለዓመታት የሰበሰባችሁት ሜዳ ላይ አይቀርም። በ2023 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ማንበቢያው ተነቃይ ነው። መጀመሪያ ሲገጠም ከማሽኑ ጋር የሚላመደው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ይህን ሻጩ ፊት ጨርሱት፤ ቤት ገብታችሁ ኔትወርክ ከመለመን ይሻላል።

ሲዲ የሌለው ፒኤስ ፋይቭ። ይረክሳል፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይሸወዳል። የ2020ው ከሆነ ማንበቢያ መቼም አይጨመርለትም። ቀጭኑ ከሆነ በኋላ ገዝቶ መግጠም ይቻላል። ቤቱ ጥሩ ዋይፋይ ያለውና ካርድ የሚልክ ዘመድ ያለው ይግዛው። ሌላው ይቅርበት።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ቆንጆ ማሽን ነው። ግን ሲዲ የለውም፣ ገና ሲከፈት ኢንተርኔት ይጠይቃል። እዚህ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ ፕሌይስቴሽን ስላላቸው ጆይስቲክ የሚያውሳችሁም አታገኙም። ጌሞችን በአባልነት የሚያስጫውተው የጌም ፓስ አልቲሜት የወር ክፍያም በ2025 ከ20 ወደ 30 ዶላር ወጥቶ ነበር።

ለጌም ቤቱ ባለቤት የመከርኩት በአንድ ፒኤስ ፋይቭ ፋንታ ሁለት ስሊም እንዲገዛ ነው። ልጆቹ የሚመጡት ኳስ ለመጫወት ነው፤ ሁለት ማሽን ደግሞ ወረፋውን ያቀልላቸዋል።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። አስገቡ፣ አውጡ፣ ደግማችሁ አስገቡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። የማራገቢያውን ድምፅ ስሙ፤ በመጋቢት ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ማሽን ገና ከሱቁ የሚጮህ ከሆነ አቧራው ይጠረግልኝ በሉ። ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን ከሄደ፣ ሌላ ጆይስቲክ ይቀየርላችሁ ወይም ከዋጋው ይቀነስላችሁ።