ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ላቃተው ልጅ፦ እኚህን መምህርት እወቁልኝ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች።

ይህን ምስጋና ዛሬ ነገ እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ትናንት ማታ ግን ከሱቅ ስገባ ልጄ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ዘርግቶ እያነበበ አገኘሁት። ማንም አላዘዘውም። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጄ 1ኛ ክፍል የገባው በ2014 ነው። ያን ዓመት ምን እንደነበር የወሎ ሰው ያውቃል። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ፤ ትምህርት ቆመ፤ እኛም ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። ተመልሰን ትምህርት ሲጀመር ልጁ ፊደል በደንብ የሚያዝበት ጊዜ አምልጦታል። እንደዚያም ሆኖ 2ኛ ገባ፣ 3ኛ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች ነበሩ። መምህራኑን አልወቅስም። 60 ልጅ አንድ በአንድ ማስነበብ በማን አቅም ይቻላል?

እኔ ደግሞ ችግሩ አልታየኝም። ምክንያቱም ልጄ ፊደል ይቆጥራል። ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርደዋል። እንግዳ ሲመጣ «በል ቁጠርላቸው» እለዋለሁ፣ አንድም አይሳሳት። 4ኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ክረምት ላይ፣ የዘመድ የሠርግ ጥሪ ወረቀት መጣ። እጄ ሊጥ ስለነበር «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት። ወረቀቱን አየው። አገላበጠው። ከዚያ አንገቱን ደፋና አለቀሰ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እኚህን መምህርት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው አጥብቀው ስለነገሩኝ አልጽፍም። ልጆቹ «እትዬ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

የመጀመሪያው ቀን አብሬ ተቀመጥኩ። እትዬ ከሳሙና ካርቶን የቆረጧት ሰፋ ያለች ቁራጭ አለቻቸው። መሃሏ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አለች። ገበታውን በሷ ሸፈኑትና «ይቺ ማን ናት?» አሉት። በቀዳዳዋ የምትታየው «ሞ» ነበረች። ልጄ አልመለሰም። እጁን ጠረጴዛው ሥር አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጣቱ እየቆጠረ ነው። መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም... ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርስ «ሞ!» አለ።

እትዬ «ጎበዝ» አሉትና ወደኔ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም። አብሽሪ፣ ይያዛል።»

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። «ኮምቦልቻ» የሚለውን ቃል አስቡት። ኮ ለማለት ሰባት፣ ም ለማለት ስድስት፣ እንዲህ እያለ ቻ እስኪደርስ ልጁ 30 ጊዜ ይቆጥራል። ቻ ላይ ሲደርስ ኮ ከአእምሮው ጠፍታለች። ገበታው ላይ 33 ቤት በሰባት ረድፍ፣ 231 ፊደል አለ። ዲቃሎቹን፣ እነ ሏን እነ ቧን፣ ሳንጨምር ነው። በቅደም ተከተል ብቻ የያዘ ልጅ እንዴት አድርጎ ያንብብ?

ቤት ስንሄድ ከልጄ ይልቅ የኔ ልብ ተሰብሮ ነበር። እትዬ ግን በሌላ ቀን ሲያጽናኑኝ አንድ ነገር ነገሩኝ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ያኔ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። «ጦርነትም ሳይኖር ነው ይሄ» አሉኝ። «ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ የሚል ቃል እቤትሽ እንዳይሰማ።»

አሠራራቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምናልባት እቤታችሁም ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ የገበታውን ቅደም ተከተል ያፈርሱታል። ካርቶኗን እያዘዋወሩ ፊደል በዘፈቀደ ይጠይቃሉ። ቀጥለው ፊደሎቹ በምን እንደሚለወጡ ያሳያሉ። ካዕብ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ቡ፣ ሙ፣ ሱ። ሳልስ ከእግሩ ሥር፦ ቢ፣ ሚ፣ ሲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ቤ፣ ሜ፣ ሴ። እንደ ሩ እና ፉ ያሉትን፣ ከመስመር የሚወጡትን፣ ለብቻ ያስይዛሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ልጄ ሳልስን ሲያይ ብድግ አለና «እትዬ፣ ይሄማ እንደ ከስራ ነው!» አላቸው። ቅዳሜና እሁድ ቁርአን ቤት ይሄዳል። እዚያ ኡስታዙ ከፊደሉ ሥር ከስራ የሚባለውን ምልክት ሲያደርጉ «በ» የነበረው «ቢ» ይሆናል። እትዬ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በል እስቲ አንተ አስተምረኝ» ብለው ለውሁን፣ ቁርአን የሚማርበትን ሰሌዳ፣ በማግስቱ አስመጡት። ከስራውን፣ ከፊደሉ በላይ የሚደረገውን ደማውን በጣቱ እያሳየ ሲያስረዳቸው እሳቸው እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሰው ሆነ ብላችሁ አልዋሸሁም። የሚያውቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ገባው።

ቃል ማንበብ ሲጀምር ደግሞ ዝም ብሎ እንዲያነበንብ አይፈቅዱለትም። «ልጁ ዋና ይችላል» ብለው ይጽፋሉ። ከሥሩ «ይህ ዋና መንገድ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ላይ «ዋና» አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው። አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ትርጉሙን የተረዳ ልጅ ብቻ ነው አስተካክሎ የሚያነበው። አንዷን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ የገባውን ለእትዬ ያወራል። ገበያ ስንወጣም የታክሲ ታፔላና የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበ እንዲሄድ አዘውኛል። ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ባልትና፣ ሥጋ ቤት። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ደስ ይላል።

ጽሕፈቱ እንዲህ ነው። በየቀኑ ስለ ውሎው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከራሱ እንጂ ከሰሌዳ አይገለብጥም። እኔ ስህተቱን ሁሉ ላርም ስል ከለከሉኝ። «በቀን አንድ ብቻ አርሚ። ደብተሩ ቀይ ከሆነ ነገ አይጽፍልሽም።» በሰ እና በሠ፣ በሀ እና በሐ ለጊዜው አያስጨንቁትም። የሚለው ነገር ይኑረው እንጂ እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል ይላሉ።

አሁን 5ኛ ክፍል ነው። ቀለል ያለ ጽሑፍ ሳይቆም ማንበብ የቻለው በስድስት ወር ገደማ ነው። በሁለት ሳምንት አይጠብቁ።

ልጅ ለመላክ ያሰባችሁ ይህን እወቁ። እትዬ የቤት ሥራ አይሠሩም። በአንድ ዙር ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ማታ 15 ደቂቃ ከልጁ ጋር እንድትቀመጡ ቃል ያስገቧችኋል፤ ካልተቀመጣችሁ በግልጽ ይናገሯችኋል። እኔንም ሁለቴ ተናግረውኛል። ክፍያቸው አይጎዳም፤ የቸገረው ወላጅ ደግሞ ቀርቦ ያናግራቸው፣ ጆሮ ይሰጣሉ። አሁን ለሁለት ልጅ የሚሆን ቦታ አላቸው። ቁጥራቸውን እዚህ አላስቀምጥም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

እትዬ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ እሱም እንዲጽፍ ስለለመነኝ ስልኩን ሰጠሁት። ምንም አላረምኩም፦

«እትዬ ቅዳሜ ሐይቅ ሄድን። አሳ በላሁ ጀልባም አየሁ። ሰኞ እመጣለሁ ካርቶኗን ለእህቴ ያውሱኝ።»